ቀዩ ሲጠቁር፣ ሰማዩ ሲነጣ

*ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፦ ከጨጨሆ ጭጋግ እስከ ቤተልሔም ብራና፣ ከጨለማ ክፍል እስከ ስልክ መተግበሪያ*

በነሐሴ ማለዳ ከነፋስ መውጫ ወደ ጋሸና የሚሄድ መኪና ጨጨሆ ላይ ሲደርስ ሾፌሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። መሬቱ እዚህ ላይ ይጠባል፤ በግራም በቀኝም ገደል ነው። ጭጋጉ የሚነሳው ከታች፣ ከሸለቆው ነው። ፊት ለፊት ያለው ሸንተረር ጥቁር፣ ከኋላው ያለው ከሰልማ፣ ሦስተኛው አመድማ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት እየሳሱ ሄደው ተራራው የት አብቅቶ ሰማዩ የት እንደጀመረ አይለይም። ፀሐይ ወጥታ የገብሱን ማሳ አረንጓዴ እስክታደርገው ድረስ በዚህ አገር ቀለም የሚባል ነገር የለም።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ብርሃኑን ስለሚበትነው፣ ነገሩ በራቀ ቁጥር ጥቁረቱም ቀለሙም ይደበዝዛል። ሁለተኛው ከዓይናችን ነው። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ብርሃንና ጨለማን እንጂ ቀለምን አይለዩም፤ ቀይን ደግሞ ከነጭራሹ አያዩትም ማለት ይቻላል። ጎህ ሳይቀድ በሬዎቹን ጠምዶ የወጣ የስማዳ ገበሬ ቀዩን በሬ ከጥቁሩ በቀለሙ የሚለየው ቆይቶ ነው። እስከዚያው ሁለቱም ጥቁር ናቸው።

ከደብረ ታቦርና ከባሕር ዳር ካሜራ አንግተው የሚመጡ ወጣቶች ይህን ሰዓት ይወዱታል። አንሥተው ሲያበቁ ፎቶውን በስልካቸው ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡታል። ለምን ሲባሉ፣ ቀለሙ ሲጠፋ የገደሉ ጥልቀት ይወጣል ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ «የድሮ ስለሚመስል» ብለው ያልፉታል። የመጀመሪያው መልስ ትክክል ነው። በሁለተኛው ላይ ግን ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል።

ጥቁርና ነጭ ፎቶን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየአባቶቻችን ቤት ግድግዳ ላይ አለ። የምናውቀው ግን ከቀለም ፎቶ በፊት የነበረ፣ አንድ ነገር የጎደለው ፎቶ አድርገን ነው። ስሙም አሳስቶናል። ጥቁርና ነጭ የሚባለው ፎቶ አብዛኛው አካሉ ጥቁርም ነጭም አይደለም፤ ግራጫ ነው። ቀዩ ቀሚስ፣ አረንጓዴው ማሳ፣ ሰማያዊው ሰማይ ሁሉም ወደ ግራጫ ሲወርዱ እያንዳንዳቸው ምን ያህል ጥቁረት እንደሚደርሳቸው የወሰነ አካል አለ። አንዳንዴ ኬሚካሉ ነው፣ አንዳንዴ ሰውየው። እኛ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የኖርነው ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ ለሌላ ፊት በቀመመው ግራጫ ነው።

የመቅደላ መንገድ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲያቀኑ ያለፉት በዚሁ በጋይንት በኩል ነው። ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ፣ ድንጋይ እያስፈነቀሉ፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ ጨጨሆን አልፈው ወደ ዋድላና ደላንታ ዘለቁ። ያን ጉዞ ያነሳ ካሜራ የለም። ከዙላ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ግን ፎቶ አንሺዎችን ይዞ ነበር። የመሐንዲስ ክፍሉ ወታደሮች ናቸው፤ ዋና ሥራቸው ካርታና ንድፍ በፎቶ እያባዙ ለመኮንኖቹ ማደል ሲሆን፣ በዚያው አጋጣሚ ሰፈሩን፣ ገደሉንና መቅደላን አነሡ። በአገራችን ከተነሡት ቀደምት ፎቶግራፎች መካከል የሚቆጠሩት እነዚህ ናቸው።

የዘመኑ ዋና መላ እርጥብ ኮሎዲዮን ይባል ነበር። አንሺው በጥንቃቄ የተወለወለ መስታወት ይዞ፣ በኤተርና በአልኮል የተበጠበጠ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያፈስበታል። ከዚያ ጨለማ ድንኳን ውስጥ ገብቶ ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ይነክረዋል። መስታወቱ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ መግባት፣ ሳይደርቅም ተመልሶ መታጠብ አለበት። የደጋ ፀሐይና ንፋስ ባለበት ኤተሩ ቶሎ ስለሚተን ጊዜው የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ድንኳኑን፣ ጠርሙሱንና መስታወቱን በበቅሎ ጭኖ ገደል የወጣ ሰው፣ አንድ ጥሩ ፎቶ ካገኘ ቀኑ ተሳክቶለታል።

ሳህን የሚባለው ይህ መስታወት ታዲያ ሁሉን አያይም። የሚያየው ሰማያዊውንና ከሰማያዊው በላይ ያለውን፣ እኛ የማናየውን ጨረር ነው። ቢጫና አረንጓዴ ይከብዱታል፤ ቀይን አያውቀውም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ፎቶዎች ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነጭ ነው፤ ደመና ቢኖርም የለም። አረንጓዴ ዛፍ ይጠቁራል፣ ቀይ ጨርቅም ጥቁር ይሆናል።

ወደ ሰው ፊት ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። የሰው ቆዳ ከሰማያዊው ይልቅ ቀዩን ብርሃን አብዝቶ የሚመልስ ነው፤ ሳህኑ ደግሞ የማያየው በትክክል ያንን ነው። አማርኛ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ በጥንቃቄ የሚለየውን መልክ ኮሎዲዮን በአንድ ጥቁረት ያጠቃልለዋል። ከአውሮፓዊው ፊት ላይ እንኳ ጠቃጠቆ አጉልቶ የሚያወጣ ሳህን፣ ከእኛ ፊት ላይ ዓይንና ጥርስ ብቻ ቢያስቀር አይገርምም። የጉዞ መጽሐፍ አንባቢው ለንደን ውስጥ ሆኖ «የአቢሲኒያ ሰው» ብሎ ያየው ይህን ነው።

> ጠይሙም፣ የቀይ ዳማውም፣ ጥቁሩም ሳህኑ ላይ አንድ ጥቁር ሆኑ።

ንጉሡ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ የተነሡት የታወቀ ፎቶ የላቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ካረፉ በኋላ ፊታቸውን በእጁ የነደፈው ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ነው። ልጃቸው ዓለማየሁ ግን ፎቶ ተነሥቷል። በዚያው ዓመት አሳዳጊው ካፒቴን ስፒዲ እንግሊዝ ወደሚገኘው ዋይት ደሴት ሲወስደው፣ ጎረቤቱ ሆና የተገኘችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ነበረች፤ በዘመኗ ስሟ የገነነ ፎቶ አንሺ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ሸማውን ለብሶ፣ እናቱን ጥሩወርቅን በመንገድ ላይ ባጣ በወራት ውስጥ ሌንሷ ፊት ቀረበ። ካሜሮን ብርሃኑን ከአንድ ወገን ብቻ አስገብታ፣ ሳህኑ ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ አርዝማ፣ ጥራቱን ሆን ብላ አለዝባ ነው የምትሠራው። የዓለማየሁ ፊት በጥላ ውስጥ ነው፤ ጥላው ውስጥ ግን ጉንጩ፣ አገጩና ከንፈሩ እያንዳንዱ የራሱ ደረጃ አለው። ኬሚካሉ መሐንዲሶቹ የተጠቀሙበት ያው የዘመኑ ኬሚካል ነው፣ ሳህኑም ቀይ አያይም። ልዩነቱ ፊቱ ላይ የተከፈለው ጊዜ ነው።

ሆልምስ ከመቅደላ የወሰደው ንድፉን ብቻ አይደለም። ነገሥታቱ ዘመቻ ሲሄዱ ያስከትሉት የነበረውን፣ የእሾህ አክሊል የደፋውን የክርስቶስ ሥዕል፣ ኵርዓተ ርእሱን፣ ለራሱ አስቀረው። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1905 በርሊንግተን በተባለ የእንግሊዝ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ወጣ። ከዚያ ተሸጠ፣ እንደገና ተሸጠ፣ በመጨረሻ ፖርቱጋል ውስጥ በግለሰብ እጅ ገባ። የቀለም ፎቶው ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በመካከል ባሉት ዘጠና ዓመታት ስለ ኵርዓተ ርእሱ የጻፈ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ግራጫውን ክርስቶስ ነበር። በደጅ ቁሞ የተሳለመው የጎንደር ሰው የሚያስታውሰው ቀለም ከእርሱ ጋር ሞቷል።

ነጭ ጋቢ፣ ጠይም ፊት

እሑድ ረፋዱ ላይ በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ሰው ማንሣት የሚፈልግ ሁሉ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ነጠላው ነጭ ነው፣ ጋቢው ነጭ ነው፣ ፀሐዩ አናት ላይ ነው፤ ፊቱ ጠይም ነው፣ ያም ነጠላው በጣለበት ጥላ ውስጥ ነው። ካሜራው ለነጠላው ቢታዘዝ ፊቱ ይጠፋል። ለፊቱ ቢታዘዝ ነጠላው ተቃጥሎ ጥለቱና ድሩ የማይታይ ነጭ ባዶ ይሆናል።

ካሜራ ይህን በራሱ አይፈታም። ብርሃን የሚለካው መሣሪያ የተሠራው በአንድ ግምት ላይ ነው፦ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው፣ ማለትም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። የጉና ተራራን በረዶ ብታሳዩት ግራጫ ያደርገዋል፤ ከሰል ብታሳዩትም ግራጫ ያደርገዋል። ነጭ የለበሰ ምእመን ሲያይ «ይህ በዛ» ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል። ተጎጂው ፊቱ ነው። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ከባልደረባው ከፍሬድ አርቸር ጋር እ.ኤ.አ. በ1940 ግድም ያወጣው ዘዴ መፍትሔው ይህ ነው ይላል፦ ከፍጹም ጥቁር እስከ ፍጹም ነጭ ያለውን በ11 ደረጃ ከፍለህ፣ ከማንሣትህ በፊት የትኛው ነገር በየትኛው ደረጃ ላይ እንዲያርፍ እንደምትፈልግ ራስህ ወስን።

የአገራችን ፎቶ ቤቶች አዳምስን ሳያነብቡ መላውን አግኝተውታል። ደንበኛውን ከፀሐይ አውጥተው በረንዳው ጥላ ላይ ያስቀምጡታል። ነጠላውን ከትከሻው ወረድ ያደርጉለታል። ፊቱ ላይ ብርሃን እንዲመልስ ነጭ ጨርቅ ወይም ካርቶን ከደረቱ በታች ይይዙለታል። ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ የሚነሣ ሰው «ቀና በል፣ ወደዚህ ዞር በል» ሲባል የሚመስለው ለደንብ ነው፤ አንሺው ግን የሚፈልገው የጉንጩን ጥላ ማሳሳት ነው።

የቀረው ጨለማ ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። ጨለማ ክፍሉ የሚበራው በቀይ አምፖል ነው፤ የፎቶ ወረቀቱ ልክ እንደዚያ እንደ ድሮው መስታወት ቀይን ስለማያይ። በመቅደላ ፊትን ያጠፋው ጉድለት እዚህ ለሠራተኛው መንገድ ያሳየዋል። ወረቀቱ ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል፣ በዴቨሎፐር፣ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣው ጸጉሩ፣ ከዚያ የጥቁር ኮቱ ኮሌታ፣ ዘግይቶ ፊቱ ነው። ከዚያ በፊት፣ ብርሃኑ በወረቀቱ ላይ ሲያርፍ፣ ባለሙያው መዳፉን በምስሉ ፊት ላይ ያውለበልባል፣ እንዳይጠቁር። በሰከንዶች የሚቆጠር የእጅ እንቅስቃሴ ነው፤ ከሁለት ባለሙያዎች እጅ አንድ ዓይነት ፎቶ የማይወጣው በዚህ የተነሣ ነው። ከዴቨሎፐሩ በኋላ ፊክሰር፣ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ ገመድ።

ሪታች የሚባል ሥራም ነበር። ኔጋቲቩ ላይ በሾለ እርሳስ ይነካካል፤ ኔጋቲቭ ላይ የጠቆረ ወረቀት ላይ ስለሚነጣ ብጉርና ጠባሳ ይጠፋል። ቀላ አድርገኝ የሚል ደንበኛም አይጠፋም ነበር። እዚህ ላይ የድሮ ፎቶ አንሺዎችን ትንሽ እወቅሳለሁ። ፊት ከማፍካት የተነሣ አፍንጫና ጉንጭ የሌለው፣ እንደ ሳህን የተዘረጋ ፊት ያለው የሙሽራ ፎቶ በየቤቱ ሞልቷል።

> የካሜራው መለኪያ የጉናን በረዶም ከሰልንም ግራጫ ያደርጋል፤ የሚያርመው ሰው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሙያ ካቆሙት መካከል አርመኖቹ ቦያጂያኖች ይጠቀሳሉ። ቤድሮስ ቦያጂያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወረሱ። በእነርሱ ዕድሜ ውስጥ የፊልሙም ዓይን ተከፈተ። ቀለማትን ሁሉ፣ ቀይንም ጭምር የሚያይ ፓንክሮማቲክ ሳህን እ.ኤ.አ. በ1906 ገበያ ላይ ወጥቶ፣ ቀስ በቀስ በየስቱዲዮው ገባ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አጋማሽ የተነሡ ፎቶዎችን ከቀደሙት ጋር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሰማዩ ላይ ደመና፣ ፊቱ ላይ መልክ እንደተመለሰ ያያል። ብዙ ሰው ይህን የሌንስ ጥራት አድርጎ ያስበዋል፤ ከሌንሱ ይልቅ ኬሚካሉ ነው የተለወጠው።

ቀይ ቀለም በብራና ላይ

ጋይንት በቤተ ክርስቲያን ሰው ዘንድ የምትታወቀው በቤተልሔም ነው። የዜማውን መጽሐፍ ድጓን የተማረ ሁሉ ማስመስከሪያውን ከዚያ ያወጣል። ቤተልሔምን ከውጭ ሲያዩት ክብ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ ተራ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ውስጡ ግን አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ አለ። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1955 ይህን አይቶ፣ ለውጭው ዓለም አንባቢ በመጽሐፍ አስተዋወቀው። ለአገሩ ሰው እርግጥ አዲስ አልነበረም።

ተማሪው እዚያ የሚያጠናበት ብራና በሁለት ቀለም ይጻፋል። ጥቁሩ ከጥላሸት፣ ከታረረ እህልና ከቅጠል ተቀምሞ፣ ለረጅም ጊዜ በውኃ ተቀምጦ የሚበስል ነው። ቀዩ ለርዕስ፣ ለእግዚአብሔርና ለእመቤታችን ስም፣ ለቅዱሳን ስም ነው። ተማሪው ገጹን ገልጦ ሳያነብብ በፊት ቀዩን ይፈልጋል፤ አዲስ ክፍል የት እንደሚጀምር የሚነግረው እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ማንሣት ሲጀመር ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። በርካሽ ይገኛል፣ ጥርት አድርጎ ያወጣል፣ በአግባቡ ከተቀመጠም ዘመን ይሻገራል፤ ውሳኔው ትክክል ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች በዚህ ሁኔታ ተነሥተው ቅጂያቸው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገባ። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ እዚያ ተቀምጠው ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ ኖሩ። ከፊልሙ በኋላ በጦርነት፣ በእሳትና በስርቆት የጠፋ ብራና ካለ፣ የቀረው ግራጫው ጥላው ነው።

ይሁንና በግራጫ ፊልም ላይ ቀዩ ስም ከጥቁሩ ጽሑፍ ጋር ይመሳሰላል፤ ቢለይም ሳሳ ብሎ ነው፣ የደበዘዘ ጥቁር ሊመስልም ይችላል። ስለዚህ አንባቢው «ይህ በቀይ ተጽፏል» የሚለውን ከዓይኑ ይልቅ ከይዘቱ ያወጣዋል፦ የማርያም ስም ከሆነ ቀይ መሆን አለበት፣ «በስመ አብ» ከሆነ ቀይ መሆን አለበት። ብራና በእጁ ገልጦ ያደገ ሊቅ ይህን ያለችግር ያደርገዋል። ከፊልሙ ብቻ የተማረ ሰው ግን ለዚያ ይቸገራል። ግራጫው ሥራውን የሠራው የሚያነብበው ሰው ቀለሙን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ በብርሃንና በጥላ ረገድ ከፎቶ አንሺው ጋር አይገጥምም። መጀመሪያ በመስመር ይነድፋል፣ ከዚያ በቀለም ይሞላል፤ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፣ ቅዱሱ ራሱ ብርሃን ነውና። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች ፊትን በጥላ ማድበልበል ሲጀምሩ ነው ግራጫ የሚመስል አሳብ ወደ ግድግዳው የገባው። በዚያን ጊዜ የተሣለን ፊት በስልክ ወደ ጥቁርና ነጭ ቢለውጡት ጉንጩ ክብ ሆኖ ይቀራል። የቀደመው የጎንደር አሣሣል ላይ ይህን ቢሞክሩ ግን ቀዩና አረንጓዴው ልብስ አንድ ይሆኑና መስመር ብቻ ይቀራል።

ሰባ ሰባት

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984 ቢቢሲ ያሳየው የመሐመድ አሚን የረሃብ ፊልም፣ ኮረም ላይ የተነሣው፣ ባለ ቀለም ነበር። ዓለምን ያስደነገጠው እርሱ ነው። በዚያው ጊዜ አካባቢ ብራዚላዊው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ ያነሣቸው የረሃቡ ፎቶዎች ጥቁርና ነጭ ናቸው። ዛሬ በሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው የሚታዩት፣ በትልልቅ መጻሕፍት የታተሙት እነዚያ ናቸው።

በሳልጋዶ ላይ የተነሣው ወቀሳ የታወቀ ነው። አሜሪካዊቷ ሐያሲ ኢንግሪድ ሲሺ እ.ኤ.አ. በ1991 ኒው ዮርከር ላይ ባወጣችው ጽሑፍ ችግርን አስውቦ ያቀርባል ብላ ሞግታዋለች። ጋይንትና ስማዳም በ1977 ዓ.ም.፣ በሰባ ሰባት፣ ተርበዋል፤ ከዚያም ወዲህ በሴፍቲኔት መዝገብ ውስጥ የኖሩ ወረዳዎች ናቸው። ያን ዘመን ያለፉ አዛውንት ዘንድ ፎቶው ውብ ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ ብዙም አይነሣም። የሚያነሡት ሌላ ነው፦ ሰዎቹ ስም የላቸውም፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ የሚናገር የለም። ልጆቻቸው፣ ትምህርት ቤት የደረሱት፣ ሌላ ይጨምራሉ፦ የአፈሩ፣ የዝተቱ ቀለም ሁሉ ወደ ግራጫ ስለገባ ያ ረሃብ የሺህ ዓመት ይመስላል፤ የትናንት አይመስልም፣ ተጠያቂ ያለው አይመስልም።

ሁለተኛው ነጥብ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ቀለም ዘመንን ይናገራል፤ የእርዳታው ጆንያ ጽሕፈት፣ የፕላስቲኩ ጀሪካን ቢጫ፣ የወታደሩ ልብስ። እነዚህን ያጠፋ ፎቶ ሐዘኑን ያጎላል፣ ቀኑን ግን ያጠፋል። ሳልጋዶ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ተመልሶ ከላሊበላ እስከ ስሜን በእግሩ ተጉዞ ተራሮቹን በዚያው በጥቁርና ነጭ አንሥቷል። ተራራ ቀን ስለሌለው እዚያ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ከሰል፣ እንጨት፣ ሸራ

ግራጫ በፎቶ ብቻ አይጠናም። ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ ከቀለም በፊት የሚሰጠው እርሳስና ከሰል ነው። ነጭ የጄሶ ቅርጽ ፊቱ ይቆማል፤ ተማሪው ብርሃኑ የት እንዳረፈ፣ ጥላው የት እንደከበደ፣ ከወለሉ የተመለሰው ብርሃን ጥላውን የት እንዳሳሳው ይፈልጋል። ትዕግሥት የሚፈታተን ሥራ ነው። ብዙዎቹ ቶሎ ወደ ቀለሙ መሄድ ይፈልጋሉ፤ መምህራኑ ግን ብርሃንና ጥላው ያልገባው ሥዕል ቀለም አያድነውም ባዮች ናቸው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ መጥቶ የእንጨት ሕትመት አስተማረ። የእንጨት ሕትመት ግራጫ የለውም፤ እንጨቱ የተቀረፈበት ነጭ ነው፣ የቀረው ጥቁር። ግራጫ ማግኘት የፈለገ ሰው በቀጫጭን ጭረት ዓይንን ማታለል አለበት። ዘሪሁን የትምጌታን የመሰሉ ሠዓሊዎች ከዚያ ክፍል ወጥተዋል።

ፎቶ አንሺው ሚካኤል ፀጋዬ ሥዕል ተምሮ እ.ኤ.አ. በ2002 ከዚያው ትምህርት ቤት ተመረቀ፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ስለሆነበት ብሩሹን ትቶ ካሜራ አነሣ። ሠዓሊዋ ጁሊ ምህረቱ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገችው፣ በርሊን ተቀምጣ የሠራቻቸውን ግዙፍ ሸራዎች እ.ኤ.አ. በ2009 «ግሬይ ኤሪያ» ብላ አሳየች፤ የአንደኛው ስም «ሚድል ግሬይ» ነው፣ ያው የካሜራው መለኪያ መካከለኛ ግራጫ። ሸራዎቹ ላይ የሕንፃ ንድፍ በንድፍ ላይ ይደረባል፣ ይፋቃል፣ እንደገና ይደረባል። ቀረብ ብሎ ላየው መስመር ነው፣ ራቅ ብሎ ላየው ጭጋግ።

ጥለቱ ምን ነበር?

ዛሬ በነፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ያለው አታገኙም። ኮምፒውተር፣ ስካነር፣ የቀለም ፕሪንተር ነው። ጥቁርና ነጭ የሚመጣው ከደንበኛው ኪስ ነው፦ ጥጉ የተቀደደ፣ ምስጥ የነካው የአባት ወይም የእናት ፎቶ። ለተዝካር ይፈለጋል፤ ትልቅ ሆኖ፣ ከተቻለ ባለ ቀለም ሆኖ። ቀለሙን የሚቀባው አሁን የስልክ መተግበሪያ ነው።

የጠፋውን ቀለም በትክክል መመለስ ለምን እንደማይቻል ማስረዳት ቀላል ነው። ኮምፒውተር የቀለም ፎቶን ወደ ግራጫ ሲለውጥ ከአረንጓዴው 59፣ ከቀዩ 30፣ ከሰማያዊው 11 በመቶ ያህል ወስዶ በማደባለቅ ከ0 እስከ 255 ካሉት ደረጃዎች አንዱን ይሰጠዋል፤ የሰው ዓይን ለአረንጓዴ ስለሚያደላ ነው። ሰንደቅ ዓላማችንን በዚህ ስሌት ብትለውጡት ላይና ታቹ ተቀራራቢ ግራጫ ይሆናል፤ መካከሉ ብቻ ይነጣል። ቀይ ፊልተር ሌንሱ ላይ ብታደርጉ ደግሞ ቀዩ ይነጣል፣ አረንጓዴው ይጠቁራል፣ ሰማዩም ዝናብ ያዘለ ይመስላል። ያው ሰንደቅ፣ ያው ቀን። ከግራጫው ወደ ኋላ ተመልሶ ቀለሙን ማወቅ ግን አይቻልም፤ ቁጥሩ ብቻ ነው የቀረው። መተግበሪያው የሚያደርገው መገመት ነው፤ ግምቱም ከሌላ ዓለም ፎቶዎች የተማረው ነው።

እስቴ አካባቢ አንድ ቤት የገጠመው ክርክር ይህ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ የተነሣች ሴት፣ ነጭ ቀሚስ፣ ሰፊ ጥለት። መተግበሪያው ጥለቱን ሰማያዊ አደረገው። የበኩር ልጇ ቀይ ነበር ይላል፤ ታናሽ እህቷ፣ ቀሚሱን ተውሳ የለበሰችው፣ አረንጓዴ ነው ብላ ትምላለች። ፎቶው ለሁለቱም እኩል ይመሰክራል፤ ፓንክሮማቲክ ፊልም ላይ ቀይና አረንጓዴ ጥለት አንድ ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉና። የልጅ ልጆቹ ሰማያዊው ያምራል ብለው ተስማሙ።

የከተሞቹ ፎቶዎች ሰብሳቢ አግኝተዋል፤ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ ከየቤቱ አልበም ለቅሞ እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ አሳትሟል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አልበም ያለው በፎቶ ቤቶቹ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፣ ለተዝካር ተብሎ ስካን እየተደረገ። ጠንቃቃ የሆነ የፎቶ ቤት ሠራተኛ የተቀባውን ለደንበኛው ያትማል፣ ያልተቀባውን ደግሞ በሌላ ፎልደር ያስቀምጣል። ከተዝካሩ በኋላ «ያንኛውን ስጠኝ፣ ይሄ እናቴን አይመስልም» ብሎ የሚመለስ አለና።